በራስፕቤሪ ፓይ 5 ላይ ኤስኤስዲና የዋይፋይ ካርድ እንዴት እንደሚጨመር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት ክፍል አንድ ራስፕቤሪ ፓይ 5 የተባለ ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር የተማሪዎችን መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ይዞ ቀን ከሌሊት ይሠራል። ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት በመጥፋቱ ሁለት ሚሞሪ ካርዶች ስለተበላሹብኝ፣ ወደ ኤስኤስዲ (ከሚሞሪ ካርድ የሚፈጥን ማከማቻ) ማዞር ግድ ሆነብኝ።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ። ፓይ 5 ለውጭ መሣሪያ የሚሰጠው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር (ፈጣን የመረጃ ማስተላለፊያ) አንድ ብቻ ነው፤ ኤስኤስዲውም ሆነ የዋይፋይ ካርዱ በዚህ መስመር ላይ በሚሰካ ተጨማሪ ቦርድ በኩል ይገናኛል። በተጨማሪ ቦርዱ ላይ ያለው የኤስኤስዲ ማስገቢያ «ኤም ኪ»፣ የዋይፋይ ካርድ ማስገቢያ ደግሞ «ኢ ኪ» ስለሚባል አንዱ ካርድ በሌላው ቦታ አይገባም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው መስመሩን የሚያከፋፍል ስዊች ቺፕ ያለበትን ተጨማሪ ቦርድ መግዛት አለበት፤ ያኔም ቢሆን ሁለቱ መሣሪያዎች በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ የሆነችውን አንዲት መስመር ይጋራሉ። እኔ ቅድሚያ ለኤስኤስዲው እንዲሰጥ እመክራለሁ፤ ፓይ 5 የራሱ ዋይፋይ አለውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተጨማሪ ቦርዱን ከፓይው ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሪባን ኬብል ላይ ነው። ቦርዱን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ። በፓይው ላይ ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በተቃራኒ በኩል ያለውን የኬብል ማስገቢያ ትንሽ መቆለፊያ በሁለቱም ጎኖቹ በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ወደ ላይ ያንሱት፣ ኬብሉን ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡት፣ ከዚያም መቆለፊያውን ይጫኑት። የእኔ ኬብል በፀጉር ስፋት ብቻ ስለተንጋደደ ኤስኤስዲው አንድ ምሽት ሙሉ አልታይ ብሎኝ ነበር፤ ነቅዬ ቀጥ አድርጌ ስመልሰው ወዲያውኑ ታየ። ኤስኤስዲውን በተጨማሪ ቦርዱ ላይ በማዘንበል አስገብተው ጫፉን በብሎን ያሰሩት፤ ብሎኑን አጥብቆ ማሰር ግን አያስፈልግም።

ኃይሉን በተመለከተ፣ 5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይጠቀሙ። ቦርዱ ሲነሣ «ኤልኤስብሎክ» (lsblk) በሚለው ትእዛዝ ኤስኤስዲው መታየቱን ያረጋግጡ፣ በ«ኤስዲ ካርድ ኮፒየር» ሲስተሙን ይገልብጡ፣ በ«ራስፒ ኮንፊግ» (raspi-config) ውስጥም የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ወደ ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም በፒሲአይ ኤክስፕረስ ወደሚሠራው ኤስኤስዲ፣ ይቀይሩ። መስመሩን ወደ ሦስተኛው ትውልድ ፍጥነት ማሳደግ ይቻላል፤ ቦርዱ ግን ለዚያ ፍጥነት የተረጋገጠ ስላልሆነ መረጃ ለሚቀመጥበት መሣሪያ አልመርጠውም። ኤስኤስዲም ቢሆን ድንገት መብራት ሲጠፋ ሊጎዳ ስለሚችል አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መጠባበቂያ ባትሪ) መጨመር ይገባል።

የዋይፋይ ካርድ ሲመርጡ «ኤኤክስ211» ከሚባለው ዓይነት ይራቁ፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር ብቻ ነው የሚሠራው። «ኤኤክስ210» ግን ከሊኑክስ ጋር ይስማማል። የእነዚህ ካርዶች ብሉቱዝ በዩኤስቢ መስመር ስለሚሄድ፣ ተጨማሪ ቦርዱ ያንን መስመር ካላገናኘ ዋይፋዩ እየሠራ ብሉቱዙ አይታይም። የአንቴናውን ጥቃቅን ማያያዣ ቀጥ አድርገው ከላይ ይጫኑት እንጂ በጎን አይግፉት። አንቴናውንም ከብረት ሳጥን ውጭ፣ በተቻለ መጠን በመስኮት በኩል ያድርጉት፤ እንደ እኛ ሰፈር ወፍራም የድንጋይ ግንብ ባለበት ቤት ሲግናሉ በግንቡ ሲያልፍ በጣም ይዳከማል፤ በመስኮት ግን በተሻለ ያልፋል።