«ሐራራ ነው» አትበሉ፦ የእርግዝና ግፊት ጭንቅላት ላይ ሲወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጠዋት ጀምሮ ግንባሯን ይዛለች። እናቷ «ቡና ስላልጠጣሽ ነው፣ ሐራራ ነው» ይሏታል። ጀበና ይጣዳል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ግፊቷን የለካም የለም።

የእርግዝና ግፊት አንጎልን ከመጉዳቱ በፊት፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ ምልክት ቤት ያፈራው ስም አለን። ሐራራ፣ ጨጓራ፣ ልክፍት። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ራስ ምታቱን በቡና ማባበል

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ተለክቶ ሌላ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ግፊት ነው ብላችሁ ያዙት። ቡናው ወይም ፓራሲታሞሉ ሕመሙን ቢያለዝበውም ግፊቱን አያወርደውም። ልኬቱ 140/90 ከደረሰ ሐኪም ሊያያት ይገባል። 160/110 ከሆነ ግን ለነገ አይባልም፤ እዚያው በዚያው ሰዓት መታከም አለበት። እዚህ ደረጃ ሲደርስ የአንጎል ደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል። ስትሮክ ማለት ነው።

«ገና ልጅ ናት፣ ከየት የመጣ ግፊት?» የሚሉም አሉ። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት ግን በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ነው ይበልጥ የሚታየው።

ዓይኗ ብዥ ሲል መነጽር ማሰብ

የምናየው በዓይን ብቻ አይደለም። ዓይን የላከውን የሚተረጉመው ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው የአንጎል የኋላ ክፍል ነው። ግፊቱ ሲያይል የአንጎል ደም ሥሮች የሚያልፍባቸውን ደም መቆጣጠር ያቅታቸዋል። በሽታው የውስጥ ግድግዳቸውንም ይጎዳል። ያኔ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ አንጎልም ያብጣል። እብጠቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በዚያው በኋላኛው ክፍል ነው።

ስለዚህ ብልጭ ብልጭ ይልባታል፣ ይደበዝዝባታል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። አልፎ አልፎ ጭራሽ ይጨልምባታል። ዓይኗ ራሱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ መነጽር ቤት ብትወስዷት ምንም ላይገኝባት ይችላል። ደግነቱ፣ ግፊቱ ቶሎ ከታከመ እይታዋ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል።

«ጨጓራ ነው» ብሎ ተልባ መምታት

ከእምብርት በላይ ወይም በቀኝ ጎድን ሥር ያለ ሕመም ከጉበት ሊሆን ይችላል። ከራስ ምታት ወይም ከብዥታ ጋር ከመጣ፣ መንቀጥቀጥ እየቀረበ ሊሆን ስለሚችል ተልባው ይቅርና መኪና ፈልጉ።

ስትንቀጠቀጥ ክብሪት መጫር

ይህኛው ያናድደኛል። በሕይወቷ ወድቃ የማታውቅ ሴት በእርግዝናዋ መጨረሻ ድንገት ተንቀጥቅጣ ስትወድቅ ኤክላምፕሲያ፣ ማለትም የእርግዝና ግፊት ያመጣው መንቀጥቀጥ ነው ብሎ መነሳት ነው። እኛ ግን ክብሪት እንጭራለን፣ ማንኪያ በጥርሷ መሃል እንሰካለን፣ ውሃ እንደፋለን። «ልክፍት ነው» ተብሎ ወደ ጠበል የምትወሰድም አለች። ጠበሉ ይቆያል፤ ስትድን በእግሯ ሄዳ ትጠመቃለች።

የክብሪት ጭስ መንቀጥቀጥ አያቆምም። ማንኪያውም ጥርስ ይሰብራል። በግራ ጎኗ አዙሯት፣ የሚያቆስላትን ነገር ከአጠገቧ አንሱ። ጨምድዳችሁ አትያዟት። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። አንድ ሰው ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው።

መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያቆማል። «እፎይ፣ ተሻላት» ተብሎ ቤት መቅረት ሌላው ስህተት ነው። ሁለተኛው ዙር እስኪመጣ አይጠበቅም።

«መርፌው በዛባት፣ ይብቃ» ማለት

መንቀጥቀጡን ለመከላከል በመርፌ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ያቃጥላል፣ ሰውነትን ያግላል። ቤተሰብ ሲያያት ይጨነቃል። ግን ይህ መድኃኒት ተፈትኗል። በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት መንቀጥቀጡ እንዳይደገም በማድረግ ከሌሎቹ የመንቀጥቀጥ መድኃኒቶች፣ ከዳያዜፓምና ከፌኒቶይን፣ እንደሚበልጥ አሳየ። በ2002 ደግሞ ማግፓይ የተባለው ጥናት፣ በ33 አገሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶችን ይዞ፣ ገና ያልተንቀጠቀጡትንም የመንቀጥቀጥ አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ከወሊድ ወይም ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ በኋላ 24 ሰዓት ይቀጥላል፤ ከሁለቱ ዘግይቶ ከመጣው ነው የሚቆጠረው። ነርሷ ጉልበቷን መታ መታ ስታደርግ፣ ትንፋሿን ስትቆጥር፣ ሽንቷን ስትለካ ካያችሁ፣ መድኃኒቱ እንዳይበዛባት እየጠበቀቻት ነው። ግፊቱን የሚያወርደው ግን ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋታል።

ቤት ውስጥ የቆየ የግፊት ክኒን አንስቶ መስጠትም አለ። ኢናላፕሪል ለምሳሌ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ይጎዳል። የሌላ ሰው መድኃኒት አትስጧት።

«ወለደች፣ አለፈ» ብሎ መርሳት

እንግዴ ልጁ ሲወጣ በሽታው መብረድ ይጀምራል እንጂ በዚያው ቀን አይጠፋም። ግፊቱ ከወለደች በሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ከፍ ሊል ይችላል። መንቀጥቀጡ ይበልጥ የሚያሰጋው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቢሆንም ሳምንታት ቆይቶ የመጣባቸውም አሉ። እሷ ግን ያኔ ቤቷ ናት። ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው ይጎርፋል፣ ከራስጌዋ ብረት ተቀምጧል። ስትንቀጠቀጥ «ብቻዋን ትተናት ነው» ይባላል። ብረቱ ይቀመጥ፣ ግድ የለም። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩና በመጀመሪያው ሳምንት ግፊቷ ይለካ። ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ከደበዘዘ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። ስትደርሱም መውለዷን ተናገሩ፤ ሆዷን ያላየ ባለሙያ እርግዝናውን ላያስበው ይችላል።

ዳግም ካረገዘች በመጀመሪያው የክትትል ቀን «ባለፈው ግፊት ነበረብኝ» ትበል። ሐኪሙ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ሊያዝላት ይችላል። በስድስተኛ ወሯ ብትነግረው አስፒሪኑን ለመጀመር የተሻለው ጊዜ አልፏል።