ሲሊያክ ያለበት ታዳጊ ከግሉተን ነፃ ሆኖ እንዴት ይኖራል?

ሲሊያክ፣ ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። ሲሊያክ ያለበት ታዳጊ ምን መብላት እንደሌለበት ብዙውን ጊዜ በቃሉ ይወጣዋል። ስንዴ የለም፣ ገብስ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ኬክ የለም። ቤት ውስጥ ሁሉም ስለሚጠነቀቅለት ነገሩ ቶሎ መስመር ይይዛል። ፈተናው ከበር ውጪ ነው። የክፍል ጓደኛ ልደት ላይ ኬክ ይቆረሳል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ እናንተ ጋ ሲደርስ ሁሉም ያያችኋል። ያኔ የሚያስፈልገው አፍ አውጥቶ «እኔ አልበላም፣ ሲሊያክ አለብኝ» ማለት ነው። ይህን የለመደ ልጅ ሌላው ሁሉ ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በቀጥታ ለእናንተ ለታዳጊዎቹ ነው። ወላጆችም አብራችሁ አንብቡ።

1. ሆዳችሁ ውስጥ ምን እንደሚሆን እወቁ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ጠላት የመጣ ይመስለውና የገዛ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ፎጣ ጥቃቅንና ቀጫጭን ነገሮች የበቀሉበት ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ሲጎዱ ያጥራሉ፣ ሲብስም ጠፍተው ገጹ ልሙጥ ይሆናል። የበላችሁት ምግብም በቅጡ ሳይጠቅማችሁ ያልፋል።

ለዚህ ነው ምልክቱ ከሆድ የሚያልፈው። ተቅማጥ፣ ድርቀት፣ የሆድ መነፋት አለ። ግን ደግሞ የማይለቅ ድካም፣ የደም ማነስ፣ ከእኩዮች በቁመት ወደኋላ መቅረት፣ የጉርምስና ወይም የወር አበባ መዘግየት፣ አፍ ውስጥ የሚመላለስ ቁስልም አለ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ምንም አይሰማውም፤ አንጀቱ ግን እየተጎዳ ነው። «እኔን እኮ ምንም አያደርገኝም» ብሎ ተደብቆ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። በጣም የማሳስባችሁም እሱን ነው።

ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ሲሊያክ አለበት። ብዙዎቹ ግን አያውቁትም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ ስላለው እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህትም ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

2. ምርመራው ሳያልቅ ዳቦ አታቁሙ

ይህ ለተጠረጠሩና ገና ላልተረጋገጠላቸው ነው። ብዙ ሰው ሆዱን ሲያመው በራሱ ጊዜ ዳቦ ያቆምና ከወራት በኋላ ሊመረመር ይሄዳል። የደም ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ሲበላ ሰውነት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ካቆማችሁ ቁጥሩ ይወርድና በሽታው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ አቁሙ እስኪል ድረስ እንደወትሮው ብሉ።

ከደሙ በኋላ ብዙዎች በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በማስገባት) ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰድላቸዋል። የደሙ ውጤት በጣም ከፍ ያለ ልጅ ግን በሁለተኛ የደም ምርመራ ከተረጋገጠለት ናሙና ላያስፈልገው ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

3. የሚበላውን ከማይበላው ለዩ

አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ በተፈጥሯቸው ግሉተን የለባቸውም። ከእህል ደግሞ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ኪኖዋ አሉ። ድንችም አለ። ሳህናችሁን መጀመሪያ በእነዚህ ሙሉ። «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የሚሸጠው ብስኩትና ኬክ ለአልፎ አልፎ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ስኳሩ ይበዛል፣ ፋይበሩ ያንሳል።

አጃ ለብቻው ይነገር። ንጹሕ አጃ ለአብዛኞቹ ሲሊያክ ላለባቸው ሰዎች ይስማማል፤ ጥቂቶችን ግን እሱም ያማል። ትልቁ ችግር ደግሞ አጃ በእርሻም በወፍጮም ከስንዴ ጋር መቀላቀሉ ነው። ከግሉተን ነፃ ተብሎ የተለየውን ብቻ፣ ያውም ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ጀምሩ።

4. ማሸጊያውን ራሳችሁ አንብቡ

እናንተ ሳታነቡ እናት ካነበበች ሥራው የእሷ ሆኖ ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ እቃ ሲገዛ አብራችሁ ሂዱና አንብቡ። ወላጆችም ትንሽ ታገሡ፤ ልጁ አንብቦ ይጨርስና ከዚያ እናንተ ትደግሙታላችሁ።

ስንዴ ሁሌ «ስንዴ» ተብሎ አይጻፍም። ሴሞሊና፣ ኩስኩስ፣ ቡልጉር፣ ስፔልት፣ ዱረም ሁሉም ስንዴ ናቸው። ብቅል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ የተሠራ ነው፤ በቁርስ ኮርንፍሌክስ፣ በቸኮሌትና በብቅል መጠጦች ውስጥ ይገባል። አኩሪ አተር ሶስ ሲባል ስንዴ የሌለበት ይመስላል፤ የተለመደው ዓይነት ግን ስንዴ አለበት። የታሸገ ሾርባ፣ ቋሊማ፣ የቅመም ድብልቅ፣ የሰላጣ ማጣፈጫም እንዲሁ ይፈተሹ። «ስንዴ የለውም» ማለት ግሉተን የለውም ማለት አይደለም፤ ገብስ ሊኖረው ይችላል። ባለፈው ወር ያነበባችሁትን ምርት ዛሬም አንብቡት፤ ፋብሪካ አሠራር ይቀይራል።

«ከግሉተን ነፃ» የሚለው ጽሑፍ በዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት መሠረት በ1 ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ለአብዛኛው ሲሊያክ ያለበት ሰው ጉዳት አያመጣም የሚባለው በቀን እስከ 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ደግሞ 2 ግራምና ከዚያ በላይ ግሉተን አለው። 2 ግራም ማለት 2,000 ሚሊግራም ነው። አንዱን ቁራጭ 200 ቦታ ብትቆራርሱት የቀኑ ጣሪያ ከዚያ አንዷ ፍርፋሪ ናት። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ለሚላችሁ ሰው ይህን ስሌት ንገሩት።

መድኃኒትና ቫይታሚን ስትወስዱም ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

5. ወጥ ቤቱን አስተካክሉ

የማርማላታውን ብልቃጥ ክፈቱና ጠጋ ብላችሁ እዩ። አንድ ሰው ዳቦ የቀባበትን ቢላ መልሶ ከነከረው ጥግ ጥጉ ላይ ፍርፋሪ አለ። ቅቤውም እንደዚያው ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ብልቃጥ የእናንተ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የራሳችሁን ብልቃጥ ያዙ፣ ክዳኑ ላይ ስማችሁን በወፍራሙ ጻፉ።

የዳቦ መጥበሻ ማሽንም ለብቻ ይሁን፤ ውስጡ የተጠራቀመው ፍርፋሪ በደንብ አይጸዳም። የፓስታ ማጥለያ፣ የእንጨት ማንኪያና የተሰነጣጠቀ መክተፊያ ለብቻ ቢሆኑ ይመረጣል። ሳህን፣ ብርጭቆና የብረት ድስት ግን በሳሙናና በውኃ በደንብ ከታጠቡ በቂ ነው። ቤቱን በሙሉ አዲስ ዕቃ መሙላት አያስፈልግም። የስንዴ ዱቄት ሲነፋና ሲቦካ ወጥ ቤት አትቁሙ፤ ብናኙ አየር ላይ ይቆይና የእናንተ ሳህን ላይ ይወርዳል። የእናንተ ምግብ ቀድሞ ይሠራ፣ የሌላው ይከተል።

ሙቀት ግሉተንን አያጠፋም። በዱቄት የተለወሰ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ድንች ቢሆንም አይበላም።

6. አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ

በእኔ ግምት ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። በዚህ ዕድሜ ከሰው ተለይቶ መታየት ያስጠላል። ሰው አላስቸግርም ብላችሁ ዝም ትላላችሁ፣ ከዚያ ወይ ትራባላችሁ ወይ ትበላላችሁ። ስለዚህ የምትሉትን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አጭር ይሁን፣ ይቅርታ አይብዛበት።

ለጓደኛ፦ «ሲሊያክ አለብኝ። ዳቦና ኬክ ከበላሁ አንጀቴ ይጎዳል። እናንተ ብሉ፣ እኔ የራሴን ይዣለሁ።» አለቀ። አብዛኛው ጓደኛ አንዴ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ደጋግሞ የሚያሾፍ ካለ ቅርብ ጓደኛችሁ እንዲያግዛችሁ ንገሩት። ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገባችሁ መኖሩ ብዙ ያቀላል።

ለጓደኛ እናት ቀድማችሁ ደውሉ፦ «ቅዳሜ ልደቱ ላይ እመጣለሁ። ሲሊያክ ስላለብኝ ስንዴ ያለበት ነገር አልበላም። የራሴን ምግብ ይዤ ብመጣ ቅር ይልዎታል?» ይህን ስትሉ ለእሳቸውም ጭንቀት ትቀንሳላችሁ። ኬክ ሲቆረስ እጃችሁ ባዶ እንዳይሆን ከግሉተን ነፃ የሆነ ጣፋጭ ያዙ።

ምግብ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ፤ ሰው ሳይበዛ ቢሆን ይሻላል። ስትደርሱ ለአስተናጋጁ «ግሉተን የሌለው አላችሁ?» ብቻ አትበሉ። «አለ» ይላችኋል፣ ያበቃል። ዘርዝሩ፦ «ሶሱ ውስጥ ዱቄት ገብቷል? ድንቹ የሚጠበሰው ለብቻው ዘይት ነው? ሥጋው ዳቦ በተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ነው የሚሠራው?» የሚመልሰው ሰው ካመነታ ወጥ ቤቱን እንዲጠይቅላችሁ ጠይቁ። አሁንም ካመነታ አትብሉ። ሰላጣው ላይ ያለውን ደረቅ ዳቦ ለቅሞ ቀሪውን መብላት አይሠራም፤ ፍርፋሪው ቀርቷል። አዲስ ይሠራላችሁ።

ትምህርት ቤት ውስጥ የክፍል ኃላፊ መምህሩና የምግብ ቤቱ ሠራተኞች ይወቁ። ተማሪ ስትሆኑ መጸዳጃ ቤት በቶሎ መሄድ ሊያስፈልጋችሁ ስለሚችል ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ በተለይ ለፈተና ቀን። ለጉዞ ሲወጣ ለአንድ ቀን ትርፍ ምግብ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ መኪና ይዘገያል፣ ዕቅድ ይቀየራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አፍሮ ስለማይጠይቀው። ዳቦ ከበላ ሰው ጋር አንድ ጠርሙስ መጠጣትም፣ መሳሳምም ጥያቄ ያስነሳል። አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ ወይም ጥርሱን ይፋቅ። ይህን ያህል ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

7. ስትሳሳቱ

አንድ ቀን ሳታውቁ ትበላላችሁ፤ ሁሉም ይደርስበታል። በሰዓታት ውስጥ ማስመለስ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ውኃ ጠጡ፣ እረፉ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ማስመለሱ ካልቆመ ወይም አቅም ካሳጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የበላችሁትን ግሉተን የሚያከሽፍ መድኃኒት የለም። «ይህን ኢንዛይም ዋጥና ፒዛ ብላ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

አስባችሁበት ከበላችሁም አትደብቁ። ለምን እንደሆነ ተናገሩ። ሰልችቷችሁ ነው? አፍራችሁ ነው? ሌላ የሚበላ ስላልነበረ ነው? ለእያንዳንዱ መፍትሔው የተለያየ ነው። ወላጆች፣ እዚህ ላይ ቁጣ ልጁን መደበቅ ብቻ ነው የሚያስተምረው። ድብርቱ ወይም ጭንቀቱ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ለሐኪሙ ይነገር፤ ሲሊያክ ባለባቸው ልጆች ዘንድ የሚታይ ነገር ነው።

8. ክትትሉን ያዙ

እስከ ዛሬ የታወቀው ሕክምና ምግቡ ራሱ ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ የደከመው ቪለም ካሬል ዲከ የተባለ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944–45 በጦርነቱ ምክንያት ኔዘርላንድ በተራበችበት ክረምት ዳቦ ሲጠፋ የእሱ ታካሚ ሕፃናት አልባሰባቸውም፤ ዳቦ ሲመለስ ግን በሽታው አገረሸባቸው። በ1950 ሥራውን በጽሑፍ አቀረበ።

ምግቡን ከጀመራችሁ በኋላ ብዙዎቹ ምልክቶች በሳምንታት ውስጥ ይቀላሉ። የደሙ ቁጥር እስኪስተካከል ግን ከወራት እስከ 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በክትትሉ ጊዜ ቁመትና ክብደት ይለካል፤ በደም ውስጥ ያለው ብረት፣ ፎሌት (የቫይታሚን ቢ ዓይነት) እና ቫይታሚን ዲ ይታያሉ። የጉርምስና ዓመታት አጥንት ጥንካሬውን የሚገነባባቸው ስለሆኑ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ላይ አትዘናጉ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) በሽታና ዓይነት 1 የስኳር በሽታም ከሲሊያክ ጋር አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ ሐኪሙ ሊመረምራችሁ ይችላል።

ወደ 16 ዓመት ስትጠጉ ሐኪሙ ክፍል ለተወሰነ ደቂቃ ብቻችሁን ግቡ። ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ስትዛወሩ የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት፣ የናሙናው ሪፖርትና የመጨረሻዎቹ የደም ውጤቶች ቅጂ በእጃችሁ ይኑር። አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ምርመራውን ለመድገም ለሳምንታት ግሉተን መብላት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይም አስቀምጡት።