ጣቱ ሳይታጠብ ኢንሱሊን አይጀመር

ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ተረኞች፣ ድሬዳዋ (የደም ስኳር ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው፤ ለአዋቂዎች)

ስኳሩ ከፍ ብሎ ታየ

መጀመሪያ ቁጥሩን ተጠራጠሩ። አንድ ሌሊት መለኪያው 310 አለኝ። የታማሚው እናት ማንጎ በላጡበት እጃቸው የልጃቸውን ጣቶች ሲዳብሱ አምሽተዋል። ጣቱን በውሃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ ስለካው 164 ሆነ። በ310 ኢንሱሊን ጀምሬለት ቢሆን ኖሮ! በአልኮል መጥረግ ብቻ የፍራፍሬ ስኳርን አያስለቅቅም።

ደም ግፊቱ ወርዶ እጁ የቀዘቀዘ፣ ያበጠ ወይም ደም ያነሰው ታማሚ ከሆነ የጣት ደም ያሳስታል። ግሉኮስ ከማይገባበት ክንድ ደም ቀድታችሁ ላቦራቶሪ ላኩ። የመለኪያ ስትሪፑን ዕቃ ክዳንም ወዲያው ግጠሙ፤ የከተማችን ሙቀት ያበላሸዋል።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ራሱ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን፣ ዴክሳሜታሶንና አድሬናሊን የተባሉት መድኃኒቶች ወይም የግሉኮስ ጠብታ ነው። ኢንሱሊን የሚጀመረው ስኳሩ በተደጋጋሚ ከ180 ሲያልፍ ነው፤ ግቡም ከ140 እስከ 180 ነው። «ለምን እንደ ጤነኛ ሰው አናደርገውም?» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከቤልጂየም የወጣ ጥናት ከ80 እስከ 110 መያዝ ሞትን ይቀንሳል ብሎ ስለነበር ብዙዎቻችን አምነናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመውና ከ6,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተው ናይስ ሹገር የተባለ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፦ በ90 ቀን ውስጥ ስኳራቸው በጥብቅ ከተያዘው 27.5 በመቶ፣ ከ180 በታች ብቻ ከተያዘው 24.9 በመቶ ሞቱ።

ኢንሱሊን ተጀምሮ ስኳሩ አልወርድ አለ

ኢንሱሊን በፕላስቲክ ቱቦው ላይ ይጣበቃል። የኢንሱሊን ጠብታውን ከማገናኘታችሁ በፊት ከተቀላቀለው 20 ሚሊ ሊትር በቱቦው አሳልፋችሁ ድፉ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ የሞቀበትን ጠርሙስም ቀይሩ። መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ፖታሺየሙን እዩ፤ ኢንሱሊን ያወርደዋል።

ስኳሩ በድንገት ወረደ

ማላብና መቅበጥበጥ ይኖራል፤ በማደንዘዣ የተኛው ግን ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ የኢንሱሊን ጠብታ ላይ ያለን ሰው በየሰዓቱ ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ የአፍንጫ ቱቦ ምግቡ ለራጅ ወይም ለዝውውር ቆሞ ኢንሱሊኑ ሳይቆም ይቀራል። የኩላሊት ድካም፣ ከባድ ወባና ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒትም ያወርዱታል። ከ70 በታች ከሆነ ኢንሱሊኑን አቁሙ፣ ሐኪሙን ጥሩ፣ በትዕዛዙ 40 በመቶ ግሉኮስ በትልቅ ደም ሥር ቀስ አድርጋችሁ ስጡ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስኳሩን ደግማችሁ ለኩ። ምግቡ መልሶ ሳይጀመር የኢንሱሊን ጠብታውን አትክፈቱ።