እርሾውን ወደ ቱቦ ከመድፋታችሁ በፊት፦ አሜሪካ ውስጥ የእንጀራ ቤት የፍሳሽ ፈቃድ አወጣጥ

አሜሪካ ውስጥ እንጀራ ጋግራችሁ ለሱቅና ለሬስቶራንት የምታከፋፍሉ ከሆነ፣ ወይም ቦታ ተከራይታችሁ ልትጀምሩ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቡት። ስለ ጤና ጥበቃ ፈቃድ ሁሉም ሰው ያወራል። ስለ እሳት አደጋ ፍተሻም ይወራል። ስለ ፍሳሹ ግን የሚነግራችሁ የለም። የምትሰሙት ቱቦው ሲዘጋ ወይም ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

አንዲት የማውቃት እህት እንዲህ ደርሶባታል። ምጣዶቹን ገዝታ፣ ቤቱን አሳምራ፣ ደንበኛ ይዛ ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው ኢንስፔክተር በሩን ያንኳኳው። ናሙና የሚወሰድበት ቦታ ስላልነበረ አዲሱ ወለል ተሰብሮ እንዲሠራ ተጠየቀች። ቤቱ ሲታደስ ቢታሰብበት ኖሮ በትንሽ ወጪ አብሮ የሚያልቅ ነገር ነበር። ቅጹን አብሬያት ስሞላ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ያጠናሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ስለ አሲዱ እንነጋገር። ቡሆው ሲኮመጥጥ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ ታውቁታላችሁ። የእሱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) አብዛኛውን ጊዜ በ3.5 እና በ4 መካከል ነው። የፌዴራሉ ደንብ ደግሞ ፒኤቹ ከ5.0 በታች የሆነ ፍሳሽ ወደ ሕዝብ ፍሳሽ መስመር እንዳይለቀቅ ይከለክላል፤ ማጣሪያ ጣቢያው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ በስተቀር። ስለዚህ እናቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ነገር፣ ቢጫውን ውሃ ቀድቶ መድፋት፣ በብዛት ሲሆንና በንግድ ቤት ሲሆን ክልክል ነው። ክልከላው ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም ንግድ ይመለከታል። «ትንሽ ነኝ» ብሎ ማምለጥ የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሲድ የሲሚንቶና የብረት ቱቦ ይበላል። ማጣሪያ ጣቢያው ደግሞ የሚሠራው በሕይወት ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እርሾ እንደምትንከባከቡት ጣቢያውም የራሱን «እርሾ» ይንከባከባል፤ ድንገት የሚገድል ወይም የሚያጨናንቅ ነገር ሲመጣበት ያልተጣራ ውሃ ወደ ወንዝ ይሄዳል። አሜሪካ የንጹህ ውሃ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣችው፣ ንግዶች ወደ ከተማ መስመር ከመልቀቃቸው በፊት ፍሳሻቸውን እንዲያስተካክሉ የሚያዘውን አጠቃላይ ደንብም በ1978 ያስከተለችው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የቤታችሁ ውሃ የት እንደሚሄድ እወቁ። ከቤት ውስጥ ያለው ማጠቢያና የወለል ማፍሰሻ ወደ ፍሳሽ መስመር ይገባል፣ ከዚያ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ። ዋሽንግተን ዲሲና ብዙው ዙሪያዋ የሚፈሰው ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወዳለው ብሉ ፕሌንስ ነው፤ በቀን በአማካይ 384 ሚሊዮን ጋሎን የማጣራት አቅም ያለው ግዙፍ ጣቢያ ነው። ከቤታችሁ ጀርባ አሊው ውስጥ ያለው የብረት ፍርግርግ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው፣ በአብዛኛው ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ባልዲና ማቡኪያ ውጭ አውጥቶ ማጠብ ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት ነው። ነጭ የሊጥ ውሃ ከሩቅ ይታያል፣ ጎረቤትም ፎቶ አንስቶ ይልካል። እባካችሁ አታድርጉት። የምትከራዩት ቤት ሴፕቲክ ታንክ ያለው ከሆነ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቀጥሎ ስልክ ነው። ማን ጋ እንደምትደውሉ የሚነግራችሁ የፍሳሽ ሂሳቡ ላይ ያለው ስም ነው። ዲሲ ውስጥ ዲሲ ወተር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ሌላው የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ክፍል በብዛት ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ወተር ነው። ሲያትል ላይ የኢንዱስትሪ ፍሳሽን የሚይዘው ኪንግ ካውንቲ ነው። ስትደውሉ «ኢንዱስትሪያል ፕሪትሪትመንት» የሚባለውን፣ ንግዶች ፍሳሻቸውን ከመልቀቃቸው በፊት እንዲያስተካክሉ የሚከታተለውን ክፍል ጠይቁ፤ ስሙን በትክክል ካልጠራችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዟዙሯችሁ ይውላሉ። ምግብ ቤት መሆናችሁን ብቻ ከነገራችኋቸው የቅባትና የዘይት ጉዳይ ወደሚያየው ክፍል ሊልኳችሁ ይችላሉ። እሱም ያስፈልግ ይሆናል፣ የእናንተ ዋና ጉዳይ ግን አሲድና ሊጥ ነው። እንጀራን የማያውቅ ሰው ካነሳው «እንደ ሳወርዶ የኮመጠጠ ቀጭን ሊጥ ነው፣ በቀን ይህን ያህል ጋሎን ውሃ እናፈሳለን፣ ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልገናል?» በሉት። ወዲያው ይገባዋል።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማው መስሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም በብዛት ከሚጠየቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሌላ ቦታም ብትሆኑ መጠየቅ አይከፈልበትም። አለመግባባት ያለበትን ቅጽ ከመፈረም ሁለት ቀን መጠበቅ ይሻላል።

«ትልቅ ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ መጠናችሁ ላይ ነው። በፌዴራሉ ደንብ ከባዱ ክትትል የሚመጣው በአማካይ በቀን 25,000 ጋሎን ወይም ከዚያ በላይ የሥራ ፍሳሽ ለሚለቅ ንግድ ነው፤ ወደ 95 ሺህ ሊትር መሆኑ ነው፣ የሽንት ቤት ውሃ አይቆጠርም። አብዛኛው የእንጀራ ቤት እዚያ አይደርስም። ግን መስሪያ ቤቱ «ይህ ፍሳሽ ጣቢያዬን ሊጎዳ ይችላል» ብሎ ካሰበ ከዚያ በታችም ሆናችሁ ሊያስገባችሁ ይችላል። ሌሎቻችሁ ቀለል ያለ ፈቃድ ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ታገኛላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም «አያስፈልጋችሁም» ትባላላችሁ። አያስፈልግም ከተባላችሁ በስልክ ሰምታችሁ አትተዉት። በጽሑፍ ይላክልን በሉ፣ ኢሜይልም ቢሆን። ሠራተኛ ይቀየራል፣ ወረቀት ግን ይቀራል።

ከማመልከታችሁ በፊት የራሳችሁን ውሃ እወቁ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስትከፍቱና ማታ ስትዘጉ የውሃ ቆጣሪውን ጻፉ። የሚገባው ውሃ ሁሉ አይፈስም፤ ከፊሉ ሊጥ ይሆናል፣ ከፊሉ ምጣድ ላይ በእንፋሎት ይሄዳል። ለሊጥ የምትጠቀሙትን በባልዲ ቁጠሩና ቀንሱ። ይህ ቁጥር ሁለት ጥቅም አለው። ማመልከቻው ላይ እውነተኛ መጠን ትሞላላችሁ። ደግሞ የፍሳሽ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በገባው ውሃ ልክ ስለሆነ፣ አንዳንድ መስሪያ ቤቶች ለምርት የሚውለው መስመር ላይ ሌላ ቆጣሪ ካስገባችሁ ያንን ይቀንሱላችኋል። ጠይቁ።

ከዚያ ወለሉን በወረቀት ሳሉ። የአርክቴክት ሥራ አይጠበቅም። ማቡኪያው የት ነው፣ ቡሆ የሚቀመጥባቸው በርሜሎች የት ናቸው፣ ማጠቢያው፣ የወለል ማፍሰሻው፣ ሁሉም ተገናኝተው የሚወጡበት ቱቦ በየት በኩል ነው። ሁሉም ፍሳሽ አንድ ላይ ከሆነ በኋላ፣ ከሽንት ቤት ውሃ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት፣ ናሙና የሚቀዳበት ቦታ ያስፈልጋል። ቤቱ ገና እየታደሰ ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛው ይህን ዛሬውኑ ንገሩት። ያቺ እህታችን የተጎዳችው እዚህ ላይ ነው።

ናሙና ለሚመረምረው የተመሰከረለት ላቦራቶሪ ትከፍላላችሁ። ፒኤች የሚለካው በአንድ ጊዜ ከተቀዳ ናሙና ነው፣ ከተቀዳ በ15 ደቂቃ ውስጥ። ስለዚህ ላብ ወስዳችሁ ነገ ይለካ አይባልም፤ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ለሌላው ነገር፣ ማለትም ለቢኦዲና ለውሃ ውስጥ ብናኝ፣ ቀኑን ሙሉ በየጊዜው ተቀድቶ የተቀላቀለ ናሙና ይፈለጋል። ናሙናውን ደህና በሆነው ቀን ብቻ ለመውሰድ አትሞክሩ። በርሜል የምታጥቡበት ቀን ይግባበት። አለዚያ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ገደብ ከእውነተኛው ሥራችሁ ጋር አይገናኝም፣ በመጀመሪያው ወር ትጥሱታላችሁ።

ቢኦዲ ማለት ተሕዋስያኑ ቆሻሻውን ለመብላት የሚፈልጉት ኦክስጅን ነው። ሊጥ በጣም ብዙ ይፈልጋል። በምሳሌ ላስላላችሁ። በቀን 1,500 ጋሎን ብታፈሱና ቢኦዲው በሊትር 3,000 ሚሊግራም ቢሆን፣ 0.0015 (ጋሎኑ በሚሊዮን ሲጻፍ) በ3,000፣ ከዚያ በ8.34 (የአንድ ጋሎን ውሃ ክብደት በፓውንድ) ስታባዙ 37.5 ፓውንድ ይመጣል፤ ወደ 17 ኪሎ ነው። ሁለት መቶ ሰው ገደማ በቀን ከቤቱ የሚያወጣውን ያህል ጭነት መሆኑ ነው፣ ከአንድ ትንሽ ኩሽና! ብዙ ከተሞች ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በላይ ለሆነው ጭነት ተጨማሪ ሂሳብ ያስከፍላሉ። ስለዚህ ሊጥ ወደ ቱቦ ሲሄድ ጤፉን ከፍላችሁ ገዝታችሁ ለመጣያውም እንደገና እየከፈላችሁ ነው።

መፍትሔው ደግሞ አብዛኛው እጃችሁ ላይ ያለ ነገር ነው። በርሜሉን በውሃ ከማጠባችሁ በፊት በላስቲክ መጥረጊያ ጥረጉት፣ የተጠረገው ሊጥ ወደ ቆሻሻ ወይም ወደ ኮምፖስት ይሂድ። ማፍሰሻዎቹ ላይ ወንፊት አድርጉ። ትርፉን ቢጫ ውሃ በሚቀጥለው ዙር ተጠቀሙበት፤ የተረፈውን በአንድ በርሜል ሰብስባችሁ ፒኤቹን አስተካክሉ። ለትንሽ ቤት የምወደው ቤኪንግ ሶዳ ነው። አረፋ ያወጣል፣ ስለዚህ ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ አያቃጥልም፣ በዝቶ ቢጨመርም ፒኤቹን ያለልክ አያስወጣውም። ፒኤች መለኪያ ግዙ፣ በ4 እና በ7 መፈተሻ ፈሳሽ እያስተካከላችሁ ተጠቀሙ፣ በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ግን እቅዱን ለመስሪያ ቤቱ አሳዩ፣ እነሱ ሳያጸድቁት በርሜል አትትከሉ።

«ውሃ ከፍቼ ባቀጥነውስ?» የሚል ብዙ ነው። አይሆንም። በማቅጠን ገደብን ለማሟላት መሞከር ራሱ በደንቡ ተከልክሏል። ስሌቱም አያዋጣም። ፒኤች አንድ ቁጥር ሲጨምር አሲዱ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል ማለት ስለሆነ፣ ከ3.5 ወደ 5 ለማድረስ በቀላሉ ስሌት እንኳ ከ30 እጥፍ በላይ ውሃ ትፈልጋላችሁ፣ የሊጥ አሲድ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ማመልከቻው ላይ የሚጠየቀው አሁን የሰበሰባችሁት ነው፦ መጠኑ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ሥዕሉ፣ የላብ ውጤቱ፣ የምትጠቀሙባቸው የማጽጃ ኬሚካሎች ዝርዝር። የሚፈርመው ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው፣ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ፤ ፊርማው «ያቀረብኩት እውነት ነው» የሚል ስለሆነ ሒሳብ ሠራተኛችሁ እንዲፈርምላችሁ አታድርጉ። የማታውቁትን ቦታ በግምት አትሙሉት፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ኢንስፔክተር ይመጣል። ሥራ ላይ ባላችሁበት ሰዓት ይምጣ፣ በርሜሎቹንም አሳዩት፣ የደበቃችሁት ነገር በኋላ ናሙናው ላይ ይወጣል።

ፈቃዱ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ተርጓሚም ቀጥራችሁ ቢሆን ገጽ በገጽ አንብቡት። በየስንት ጊዜ ናሙና እንደምትወስዱ፣ ሪፖርት መቼ እንደምታስገቡ፣ መቼ እንደሚያበቃ እዚያ አለ። የትልልቆቹ ፈቃድ ከ5 ዓመት አይበልጥም። የእነሱ ደንብ ሌላም ነገር ያዛል፦ ናሙናችሁ ገደብ ካለፈ ካወቃችሁበት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ መናገር፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግማችሁ አስመርምራችሁ ውጤቱን ማስገባት። መዝገብም ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጣል። ፈቃዳችሁ ቀላሉ ቢሆንም በዚሁ ልማድ ሥሩ። በርሜል ተገልብጦ ሁሉም ወደ ማፍሰሻው ቢሄድ ደግሞ ወዲያውኑ ደውሉ። እነሱ ጣቢያው ላይ እንዲዘጋጁ ነው፤ የደወለና ያልደወለ ሰው እኩል አይታይም።

ምጣድ ስትጨምሩ፣ የሌሊት ፈረቃ ስትጀምሩ ወይም የማጽጃ ኬሚካል ስትቀይሩ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ቤቱን ለሌላ ሰው ልትሸጡ ከሆነም ፈቃዱ ከቁልፉ ጋር አብሮ አይተላለፍም፤ ገዢው በስሙ እንዲያመለክት ከሽያጩ በፊት ለመስሪያ ቤቱ ደውሉ፣ የፒኤች ደብተሩንና የላብ ውጤቶቹን ግን አስረክቡት፣ ማመልከቻውን ግማሹን ይሞሉለታል።