ኪፓ ከመስፋታችሁ በፊት ለማን እንደሆነ ጠይቁ

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። በብዛት የሚወጣልኝ የሙስሊም ኮፍያ ነው። እስራኤል ዘመድ ያላቸው ደንበኞች ግን አልፎ አልፎ «ለስጦታ ኪፓ ስፊልኝ» ይሉኛል። ኪፓ የአይሁድ ወንዶች አናታቸው ላይ የሚያደርጓት ትንሽ ቆብ ናት።

ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ መቀስ አላነሣም። ሐረዲም የሚባሉት ጥብቅ ሃይማኖተኞች ጥቁር ከፋይ ይወዳሉ። ባለቀለሟ የኪሮሽ ሥራ ደግሞ በሃይማኖተኛ ጽዮናውያን (የእስራኤልን አገርነት ከእምነታቸው ጋር አያይዘው በሚደግፉ አይሁድ) ዘንድ የተለመደች ናት። እዚያ ሰው ኪፓህን አይቶ ወገንህን ይገምታል። ለሐረዲ ሽማግሌ ባለአበባ ጥለት መላክ ገንዘብ ማባከን ነው። ለቤተ እስራኤል ቄስ ከሆነማ ጭራሽ ኪፓ አትስፉ፤ እነሱ ነጭ ጥምጥም ነው የሚጠመጥሙት። ያገባች ሃይማኖተኛ ሴትም ፀጉሯን የምትሸፍነው በሻሽ፣ በባርኔጣ ወይም በዊግ ነው። ለእሷ ጥሩ ሻሽ ይበቃል።

የከፋዩ ኪፓ ስድስት ቁራጭ አለው። እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ ሁለቱን ጎን ትንሽ ወደ ውጭ አጉብጡት። ግርጌው 8፣ ቁመቱ 9 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ለስፌት ዙሪያውን 1 ሳንቲሜትር ተዉ። የከፋዩ ጠጉር በሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። አለበለዚያ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ግራጫ ይመስላል። ሦስት ሦስቱን ሰፍታችሁ ሁለቱን ግማሽ አንድ ላይ ግጠሙ። ካውያ ከጀርባው ብቻ!

ልኩን የሚወስን ሕግ የለም። ኪፓ አናት ላይ ስለሚቀመጥ ይንሸራተታል፤ የፀጉር ክሊፕ አብራችሁ ስጡ። ራሰ በራ ከሆነስ ክሊፑ ምን ይያዝ? ቁመቱን 10 አድርጉለት።

ቁርጥራጩን መጣል የሚፈሩ አሉ። አትፍሩ፣ ኪፓ ራሱ የተቀደሰ ዕቃ አይደለም። ኦሪትም ለወንዱ ሁሉ ራስህን ሸፍን አላለችም። ልማዱ የመጣው ከታልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ዘመን ሊቃውንት ነው። ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ፣ የራቭ (መምህር ማለት ነው) ዮሹዓ ልጅ ራቭ ሁና የአምላክ ክብር ከራሳቸው በላይ እንዳለ ስለሚያስቡ፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ አራት ክንድ እንኳ አይራመዱም ነበር። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል፤ ትእዛዝ ሳይሆን አክብሮት ነው።

ለሠርግ ከሆነ የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን ገበሩ ላይ ያስጽፋሉ። የዕብራይስጡን ፊደል ደንበኛው ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ በግምት አትጥለፉ። ጥልፉ የሚያልቀው ገበሩ ከከፋዩ ጋር ከመሰፋቱ በፊት ነው።