የካልሲና የእግር ማሞቂያ ሹራብ፦ ችግርና መፍትሄ

በካልሲ ሥራ ስሕተቱ የሚታይበት ቦታና ስሕተቱ የተፈጸመበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ወደ ቁርጭምጭሚት እየወረደ የሚያስቸግር ካልሲ ጥፋቱ አፉ ላይ ሳይሆን ተረከዙ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጣቱ ላይ ቶሎ የሚበሳውም ክሩ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ርዝመቱ ስላነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመተርተር በፊት ምልክቱን በደንብ ማየትና ምክንያቱ ከየት ዙር እንደተነሣ መፈለግ ድካምን ይቀንሳል።

ከዚህ በታች «ዓይን» የምለው መርፌ ወይም ችካል ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ነው። ለስላሳ ሆኖ የሚታየውን «የፊት ዓይን»፣ ጎርበጥ ብሎ የሚታየውን «የጀርባ ዓይን»፣ ሁለቱ እየተፈራረቁ የሚሠሩበትን የሚለጠጥ ክፍል ደግሞ «ላስቲክ» እላለሁ። ሉም ስል የሸማኔን ዕቃ ማለቴ አይደለም፤ ዙሪያውን ችካል የተተከለበትን፣ ክር በችካሎቹ ላይ ከተጠመጠመ በኋላ የታችኛው ዓይን በመንጠቆ ከላይኛው ክር በላይ እየተሻገረ የሚሠራበትን የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ቀለበት ማለቴ ነው።

የዓይኑ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ካልሲው ሰፋ ወይም ጠበበ

መመሪያው ያለው ቁጥር ሳይጓደል ተሠርቶ ካልሲው እግር ላይ ከረጢት ከመሰለ ወይም ተረከዝ አላሳልፍ ካለ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው የእጅ መላላትና መጥበቅ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ክርና በአንድ ዓይነት መርፌ ቢሠሩ እንኳ የሚያወጡት ሹራብ ስፋቱ ይለያያል። 100 ግራሙ ወደ 400 ሜትር የሚደርስ ቀጭን የካልሲ ክር በ2.25 ወይም በ2.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሠራ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ28 እስከ 32 ዓይን መውጣቱ የተለመደ ነው። የእግሩ ዙሪያ 22 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ካልሲው ከእግሩ በአሥር በመቶ ያህል መጥበብ ስላለበት 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር 30 ዓይን ለሚያወጣ እጅ ይህ 60 ዓይን ማለት ነው። እጁ ላላ ብሎ 27 ዓይን ብቻ የሚያወጣ ሰው ግን ያንኑ 60 ዓይን ይዞ ከ22 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያገኛል፤ ካልሲው እግሩን መጨበጡ ይቀርና እላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ጠበቅ አድርጎ 34 የሚያወጣው ደግሞ 17.6 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀራል።

መፍትሄው የዓይኑን ቁጥር መለዋወጥ ሳይሆን በመጀመሪያ መርፌውን መለወጥ ነው። የላላ እጅ በሩብ ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ የጠበቀ እጅ በሩብ ሚሊ ሜትር የወፈረ መርፌ ይያዝ። መለኪያ የሚሆነው ቁራጭ እንደ ካልሲው ሁሉ በዙር መሠራት አለበት፤ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ በዝርግ ሲሠሩ በየሁለተኛው ረድፍ የጀርባ ዓይን ስለሚመጣና ብዙ ሰው የጀርባ ዓይንን ላላ አድርጎ ስለሚሠራ፣ ልኩ ያሳስታል። ቁራጩ ታጥቦና ደርቆ ይለካ። ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ምሽት ይበቃል፤ ብዙዎቻችን የምንዘለው ግን ይህንኑ ምሽት ነው።

በሉም የተሠራው ወንፊት መሰለ

በሉም የተሠራ ካልሲ ወይም ማሞቂያ ሳስቶ ቆዳ የሚያሳይ ከሆነ፣ ጥፋቱን እጅ ላይ መፈለግ አያስፈልግም። በመርፌ የዓይንን ስፋት የሚወስነው የመርፌው ውፍረት ሲሆን፣ በሉም ግን በዋነኛነት የሚወስነው በችካልና በችካል መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት በትልልቆቹ ክብ ሉሞች ላይ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ቀጭን ክር ማሠራት በሰፊ ወንፊት ጤፍ እንደ መንፋት ነው። ችካሉን ማቀራረብ ስለማይቻል መፍትሄው ክሩን ማወፈር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ልቃቂት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ክሮቹን እንደ አንድ ይዞ መሥራት ይበቃል። ጫማ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ካልሲ ከተፈለገ ችካሎቹ የተቀራረቡበት ትንሽ ሉም መግዛት ግድ ነው፤ በትልቁ ሉም የሚወጣው ካልሲ ለቤት ውስጥ እንጂ ለጫማ አይሆንም።

ለእግር ማሞቂያ ግን ትልቁ ሉም ምቹ ነው። በስብስብ የሚሸጡት ክብ ሉሞች በአብዛኛው 24፣ 31፣ 36 እና 41 ችካል አላቸው። ወፍራም ክር በ10 ሴንቲ ሜትር 8 ዓይን ያህል የሚያወጣ ከሆነ፣ ባለ 24 ችካሉ የ30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይሰጣል፤ ባቱ 33 ወይም 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ተለጥጦ ይጨብጠዋል። ባለ 36 ችካሉ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ለዚያው ሰው ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይከመራል። ትልቅ ሰው ስለሆነ ትልቅ ሉም ያስፈልገዋል ብሎ መነሣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ጥንድ ያበላሸሁት በዚሁ ግምት ነበር።

ሥራው በራሱ ላይ ይጠመዘዛል

በሉም ሲሠራ የዓይኖቹ መስመር ቀጥ ብሎ መውረዱ ቀርቶ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ ከወረደ፣ ምክንያቱ የአጠማጠሙ ዓይነት ነው። ክሩን በእያንዳንዱ ችካል ላይ ሙሉ ዙር መጠምጠም ለጀማሪ የሚያስተምሩት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ዓይን ሁለት እግሮች፣ ማለትም የቀለበቱ ሁለት ጎኖች፣ ተቆላልፈው ስለሚቀሩ ሹራቡ ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ለእግር ማሞቂያ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ለካልሲ ግን ተረከዙን ከቦታው ያዞረዋል። መፍትሄው ክሩን ሳይጠመጥሙ ከችካሉ ፊት ለፊት፣ ከነባሩ ዓይን በላይ ማስተኛትና ዓይኑን በክሩ ላይ ማሻገር ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ዓይን ስለሚጠብቅ፣ ክሩን ሳይስቡ በችካሉ ዙሪያ በግማሽ አጠፍ ማድረግ መንጠቆውን ያቀልለዋል።

በመርፌ የሚሠራ ሰው ተመሳሳይ ነገር ካየ፣ ዓይኑን የሚወጋው በኋለኛው እግሩ (ከመርፌው ጀርባ ባለው የቀለበቱ ጎን) በኩል መሆን አለመሆኑን ይመልከት። ቱቦው እንዳለ አንድ ጊዜ ተጠምዝዞ እንደ ስምንት ቁጥር ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዙሩ ሲገጠም የመነሻው ረድፍ በመርፌው ላይ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው። ይህ በመጀመሪያው ዙር ከተደረሰበት መገጣጠሚያው ላይ ሊቃና ይችላል፤ ካለፈ መተርተር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ላስቲኩ ነጠብጣብ ሆነ

አንድ ፊት፣ አንድ ጀርባ እየተባለ የተሠራው አፍ መስመር መያዙ ቀርቶ የተበተነ ነጠብጣብ ከሆነ፣ የዓይኑ ቁጥር ጎዶሎ ነው። በ31 ወይም በ41 ችካል ሳያቋርጡ ሲያፈራርቁ በሁለተኛው ዙር ፊቱ ጀርባ ላይ ይወድቃል። አንድ በአንድ ለሚፈራረቅ ላስቲክ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር፣ ሁለት በሁለት ለሚፈራረቅ ደግሞ ለአራት የሚካፈል ቁጥር ያስፈልጋል፤ 24 እና 36 ለሁለቱም ይሆናሉ።

በመርፌዎቹ መገናኛ ላይ መሰላል ታየ

ሁለት ጫፍ ባላቸው አራት ወይም አምስት መርፌዎች ሲሠራ፣ ከአንዱ መርፌ ወደ ሌላው በሚታለፍበት ቦታ ላይ ከላይ እስከ ታች የላሉ አግዳሚ ክሮች ይደረደራሉ። የዚህ ምክንያቱ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ማዕዘን ክሩን ስለሚለጥጠው ነው። ብዙ ሰው የአዲሱን መርፌ የመጀመሪያ ዓይን ጠበቅ አድርጎ ይስባል፤ ይሁንና ያ ዓይን ገና የሚይዘው ጎረቤት ስለሌለው ተመልሶ ይላላል። ሁለተኛው ዓይን ከተሠራ በኋላ ክሩን መሳብ የበለጠ ይይዛል። ያም ካልበቃ በየዙሩ ሁለት ሁለት ዓይን ከቀጣዩ መርፌ እየተዋሱ መገናኛውን ማዘዋወር ወይም ረዥም ገመድ ባለው አንድ መርፌ መሥራት ይቻላል።

ቱቦው በሥራ ላይ ሳለ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከተገኘ አያስደንግጥ። የሚሠሩባቸው ጫፎች ከሠሪው በራቀው ጎን ሆነዋል ማለት ነው፤ ቱቦውን በመርፌዎቹ መካከል አሳልፎ መገልበጥ ብቻ ይበቃል።

አፉ እግር አላሳልፍ አለ

ካልሲውና ላስቲኩ ተለጣጭ ሆነው ሳለ ጫፉ ብቻ እንደ ሽቦ ከጠበቀ፣ ጥፋቱ በመነሻው ወይም በመዝጊያው አንድ ዙር ላይ ነው። መነሻ ከሆነ ሁለት መርፌ አንድ ላይ ይዞ በእነርሱ ላይ ዓይን መጀመርና ከዚያ አንዱን መሳብ ይረዳል። መዝጊያ ከሆነ ሙሉው ካልሲ ሳይፈታ ያ ዙር ብቻ ይፈታና በሚከተለው መንገድ ይዘጋ፦ ሁለት ዓይን በኋለኛ እግራቸው በኩል አንድ ላይ ይሠራሉ፤ የወጣው አንድ ዓይን ወደ ግራው መርፌ ይመለሳል፤ ከቀጣዩ ዓይን ጋር እንደገና አንድ ላይ ይሠራል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። በሉም ላይ ደግሞ ክሩ የሥራውን ዙሪያ ሦስት እጥፍ ያህል ተትቶ ይቆረጥና በመስፊያ መርፌ ዓይኖቹ ላላ ተደርገው ይሰፋሉ።

የእግር ማሞቂያ ሁለት አፍ ስላለው ይህ ችግር በእርሱ ላይ ይብሳል። አንዱ አፍ መነሻ፣ ሌላው መዝጊያ ስለሆነ፣ ላላ ያለው በባት በኩል፣ ጠበቅ ያለው በቁርጭምጭሚት በኩል እንዲውል ከመጀመሩ በፊት ማሰብ ይጠቅማል።

ካልሲው ይንሸራተታል፤ ማሞቂያው ይወርዳል

በጫማ ውስጥ ወደ ውስጥ እግር እየተጠቀለለ የሚገባ ካልሲ ሲያጋጥም ሰው ሁሉ አፉን ያጠብባል፤ ጠብቦም ይወርዳል። መለካት ያለበት የተረከዙ ጥልቀት ነው። በ60 ዓይን ካልሲ ተረከዙ በግማሹ፣ ማለትም በ30 ዓይን ላይ ወዲያና ወዲህ 30 ረድፍ ይሠራል፤ በየረድፉ የመጀመሪያዋ ዓይን ሳትሠራ ስለምትተላለፍ በጎኑ 15 ቀለበት ይገኛል። የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው ግን ይህ አይበቃውም፤ ሲራመድ ተረከዙ ካልሲውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ረድፉን ወደ 36 ከፍ አድርጎ በየጎኑ 18 ቀለበት ማንሣት፣ ትርፉንም ዓይን በየሁለት ዙሩ እያጣመሩ ወደ 60 መመለስ ይሻላል።

ለማሞቂያ ተረከዝ ስለሌለው የሚይዘው ላስቲኩና ክሩ ብቻ ነው። የጥጥ ክር ከተለጠጠ በኋላ እንደ ሱፍ ስለማይመለስ ለዚህ ሥራ አይመከርም። የመንዝ በግ ጸጉር በእጅ ተፈትሎ ሲሠራ ይሞቃል፣ ይይዛልም፤ ነገር ግን ሸካራ በመሆኑ ባናና በርኖስ የሚሠራበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማሞቂያ ከሆነ በሱሪ ላይ ይደረግ። የላይኛው ላስቲክ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያም ካልያዘ በውስጥ በኩል ቀጭን የላስቲክ ክር ሁለት ዙር ቢሰፋበት ጥሩ ነው።

የተረከዙ ጥግ ላይ ቀዳዳ ቀረ

ተረከዙ ከእግሩ ጀርባ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ቀዳዳ የሚታየው በሁለቱ መካከል ያለው ክር ተለጥጦ ስለሚቀር ነው። የጎኑ ቀለበቶች ሲነሡ ጥጉ ላይ አንድ ትርፍ ዓይን ማንሣትና በቀጣዩ ዙር ከጎረቤቷ ጋር አጣምሮ መሥራት ይዘጋዋል። ካልሲው አስቀድሞ ካለቀ በትርፍ ክር ከውስጥ መስፋት ይበቃል፤ ከውጭ ማንም አያየውም።

አንድ ዓይን ሾልካ ወረደች

ሌላውን ሁሉ ያስቀምጡ፤ አይሳቡ። በኪሮሽ መርፌ ወይም በሉሙ መንጠቆ የሾለከችውን ዓይን ይያዙና አግዳሚዎቹን ክሮች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ እያሳለፉ ወደ መርፌው ወይም ወደ ችካሉ ይመልሷት።

ታጥቦ ተበላሸ

ሱፉ ተሰብስቦ ከጠነከረ ሙቅ ውኃና እሽታ አገናኝተውታል፤ ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ ለልጅ ይሰጥ። አክሪሊክ በአጠባው አይሰበሰብም፤ ትኩስ ካውያ ግን ጨርሶ ያልፈሰፍሰዋል፣ ላስቲኩም ዳግመኛ አይለጠጥም። ሁለቱም በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፣ ሳይጠመዘዙ በፎጣ ተጠቅልለው ይጨመቁ፣ ሳይሰቀሉም ተዘርግተው ይድረቁ።

ጣቱ ወይም ተረከዙ ቶሎ ተበሳ

ቀዳዳው በአውራ ጣት ጫፍ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ርዝመቱ ይለካ። እግሩ 24 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ካልሲው 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጣቱ ጫፍ በየሁለት ዙሩ 4 ዓይን እየቀነሰ ከ60 ወደ 24 ሲወርድ 18 ዙር ይፈጃል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር 40 ዙር ለሚያወጣ እጅ ይህ 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ መቀነሱ የሚጀመረው ከተረከዙ ኋላ 18.5 ሴንቲ ሜትር ሲደረስ ነው፤ 16 ላይ የጀመረ ሰው ካልሲውን በየርምጃው በጣቱ ይወጥረዋል። ተረከዙ ከሆነ የተበሳው፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ ናይለን ያለበት ክር ከንጹሕ ሱፍ የበለጠ ይቆያል፤ አንድ ዓይን ሠርቶ አንዱን እየዘለሉ መሥራትም ተረከዙን ያወፍረዋል።

ቀዳዳው ሳይሰፋ፣ ሹራቡ ገና ሲሳሳ በክር መጥቀም ይሻላል። የተቃጠለ አምፖል ከካልሲው ውስጥ ይከተትና ከሳሳው ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውጭ ካለው ጤነኛ ሹራብ ይጀመር፤ ክሩ መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ተቀራርቦ ይዘርጋ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ እንደ ሸማ ይሸመንበት። ቋጠሮ አይደረግበት፤ በጫማ ውስጥ ተረከዝ የሚያቆስለው እርሱ ነው።