ወጣት ሞርሞን ሚስዮናዊ በባሕር ማዶ ሳምንቱን እንዴት ሊያደራጅ ይገባል?

በተለምዶ ሞርሞን በምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለ2 ዓመት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ወጣት፣ ሳምንቱን ሲያቅድ ብዙ ጊዜ ሰኞ ላይ ከሚውለው የዝግጅት ቀን ቢጀምር ይሻላል። በዚህ ቀን ልብሱን ያጥባል፣ አስቤዛ ይገዛል፣ ከ2019 ጀምሮ በየሳምንቱ ስለተፈቀደም ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ ይነጋገራል። ሸሚዞቹን በጠዋት አጥቦ ቢያሰጣቸው ለማግስቱ ይደርቁለታል።

በሌሎቹ ቀናት ቅዱሳት መጻሕፍትንና የአገሩን ቋንቋ የሚያጠናበት የጠዋት ሰዓት ፈጽሞ መነካት የለበትም። በተለይ ቋንቋውን በተመለከተ፣ በዕለቱ የሚያገኛቸውን ሰዎች እያሰበ ሊላቸው የሚፈልገውን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ከባልደረባው ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢለማመድ፣ ረጅም የቃላት ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሚስዮናውያን ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩና ስለሚሠሩ፣ በመካከላቸው ቅሬታ ከተፈጠረ የሳምንቱን ዕቅድ በሚያወጡበት ጊዜ በግልጽ ተነጋግረው ሊፈቱት ይገባል፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በሩን ዘግቶ የሚመልሳቸውንም ሰው አመስግነው ይሂዱ። እሑድ ደግሞ ለአምልኮ የጋበዟቸውን ሰዎች ቀድመው ደርሰው በር ላይ ይቀበሏቸው፤ አጠገባቸውም ይቀመጡ።